በመኪናው ሆድ ሥር የነበረችው አበባ

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ይዤ ዊንጌት አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ሄድኩ። አሮጌ ናት፤ ከኔ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት አላውቅም። ክረምቱ ሳይገባ ሥሯን ላስቀባት ነበር። ከበሩ ገባ እንዳልኩ ያ ሽታ ተቀበለኝ። ሬንጅ ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር እሳት ላይ ሲፈላ የሚሸተው ሽታ። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ የያዝኩት የበሩን መቃን ነው።

«ምነው እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ ባትላሜራው፣ ጀማል የሚባል ጢሙ የሸበተ ሰውዬ።

«ምንም አይደል፣ ሽታው ነው» አልኩት።

እውነትም ሽታው ነው። ወደ ልጅነቴ መለሰኝ፤ አሥር ዓመቴ ሆኖ፣ ባልዲ ይዤ፣ ሽሮ ሜዳ ግቢያችን ውስጥ ቆሜ ነበር።

አባቴ ሸማኔ ነው። ማርቆስ ይባላል። ሽመና ሲሠራ ላላየ ሰው ልንገር፤ የሸማኔ እቃ መሬት ላይ ነው የሚተከለው። ከሥሩ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ሸማኔው ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ወደ ውስጥ ይከታል፣ በእግሩ እየረገጠ በእጁ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይልካል። አባቴ ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ ሲመሽ ይወጣል። በልጅነቴ አባቴ እግር የሚኖረው ምሳ ሰዓት ላይና እሁድ እሁድ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እሁድ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ጴንጤዎች ነን፤ የቤተ ክርስቲያናችን ቁልፍ የሚቀመጠው እሱ ጋ ነበር። እማዬ በፈተለችው ድርብ ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይውላል። ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሄዶ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው፣ አግዳሚ ወንበሮቹን በጨርቅ የምወለውለው እኔ ነኝ። በሳምንቱ ውስጥ «ሸማኔው» እያሉ የሚጠሩት ሰዎች እዚያ በር ላይ ሲደርሱ «ወንድም ማርቆስ፣ ጌታ ይባርክህ» ይሉታል። አባቴ በሕይወቱ ያገኘው ሹመት ያ ቁልፍ ነው። ሌላ አልነበረውም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ነጭ መኪና ግቢያችን ገባ። የመጡት ጋሽ ተስፋዬ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። ሁልጊዜ ከረባት ያስራሉ፣ ሲጸልዩ ድምፃቸው ያምራል፣ እኔን ሲያገኙኝ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው ከረሜላ ይሰጡኛል። እወዳቸው ነበር። ይህን ማለት ዛሬም ያንገፈግፈኛል፤ ግን እወዳቸው ነበር።

«ወንድም ማርቆስ፣ ለስድስት ወር ሥልጠና ኬንያ ልሄድ ነው» አሉት። «ይቺን መኪና ካንተ በቀር አምኜ የምሰጠው ሰው የለኝም። የጌታን ቤት ቁልፍ የያዘ ሰው የኔን መኪና ቢይዝልኝ ምን አለበት?»

«እኔ እኮ መንዳትም አልችል ጋሼ። ስለ መኪና ምን አውቃለሁ?» አለ አባቴ፣ እጁን እያፍተለተለ።

«ምንም ማወቅ አያስፈልግህም። ዝናቡን ብቻ ጠብቅልኝ። ሥሯን ዝገት እንዳይበላብኝ። አደራ!»

አደራ ሲሉት አባቴ ቆቡን አወለቀ። እኔ ደግሞ ከኋላ ቆሜ «ዝገት» የሚባለውን ነገር ማሰብ ጀመርኩ። የሚበላ ከሆነ አፍ አለው ማለት ነው። እማዬ የምትለቅመው ሽምብራ ውስጥ ያለውን ነቀዝ አውቀዋለሁ፤ ዝገት የሱ ታላቅ ወንድም መሰለኝ። ለብዙ ቀን ጆሮዬን የመኪናው በር ላይ እየለጠፍኩ ሲያኝክ ለመስማት ሞከርኩ። አንዳንዴ የሰማሁ ይመስለኝና ሮጬ ቤት እገባለሁ።

አባቴ አደራውን ተቀብሎ ዝም ብሎ የሚተኛ ሰው አይደለም። ታክሲ ተራ ሄዶ ሹፌሮቹን ጠየቀ። ሥሩን ፍቆ፣ ጭቃውን አራግፎ፣ ሬንጅ በተቃጠለ ዘይት አቅጥኖ መቀባት ነው አሉት። የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን የቀዳለት ልጅ «ፋዘር፣ መኪና ገዛህ እንዴ?» ብሎ ሲያሾፍበት፣ አባቴ ከምሩ «መኪና እንኳን የለኝም፣ አደራ ነው ያለኝ» ብሎ መለሰለት። ልጁ ሳቀ። አባቴ ለምን እንደሳቀበት አልገባውም።

ከመኪና ሥር እንዴት ይገባል? ጋራዥ ቢሆን ማንሻ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን በድንጋይ ከፍ አድርጎ በጀርባው ይተኛል። አባቴ ግን ሸማኔ ነው፤ ለሱ ሥራ ማለት ጉድጓድ ነው። ግቢው ጥግ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ቆፈረ፣ ልክ እንደ ሽመናው፣ ጠርዙን አስተካክሎ፣ መቀመጫ ሳይቀር አበጅቶ። ከዚያ ጎረቤት ጠርቶ መኪናውን ገፍተው ጉድጓዱ ላይ አቆሙት፤ ጎማው ግራና ቀኝ፣ ጉድጓዱ መሃል።

እማዬ ወገቧን ይዛ አየችውና «እሰይ! ሰው መኪና ይነዳል፣ አንተን ደግሞ መኪና ይነዳሃል!» አለችው። ደንበኛ ያዘዘው ጋቢ የሽመና እቃው ላይ ተወጥሮ ቀርቷላ። አባቴ ሳቀና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

ያን ሳምንት ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም። የእጅ ባትሪ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ሁለታችንም ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብለን፣ የመኪናው ሆድ ከራሳችን በላይ፣ እሱ በሽቦ ብሩሽና በአሮጌ ቢላ ይፍቃል፣ ጭቃውና የዛገው ልጣጭ አንገታችን ውስጥ ይረግፋል። ልጣጩ ደም ደም ይሸታል። አባቴ ሲፍቅ እንደ ሰው ያናግረዋል፣ «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» እያለ። የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን እኔ አጠገቡ መቀመጫ አልነበረኝም፤ እዚህኛው ጉድጓድ ውስጥ ግን ነበረኝ። መኪናው ስለመጣልን ጌታን አመሰገንኩ።

በሦስተኛው ቀን በሹፌሩ መቀመጫ በኩል ሲፍቅ አሮጌው ጥቁር ቅብ ተላጠና ቢጫ ነገር ብቅ አለ። ጨርቁን ነዳጅ ነክሮ ጠረገው። አበባ! ግማሽ የሱፍ አበባ፣ ቅጠሎቹ ቢጫ፣ መሃሉ ቡናማ፣ ከጎኑ የተቆረጠ ፊደል።

«አባዬ፣ አበባ አለው! ሁሉም መኪና ሥሩ አበባ አለው?»

አባቴ አውራ ጣቱን አበባው ላይ አድርጎ ቆየ። ጫን አለው። ቆርቆሮው ትንሽ ገባ ብሎ ተመለሰ። አሁን ጠርዙን በጣቱ ዞረው፣ አንዱን ጥግ፣ ሌላውን ጥግ። ፊቱ ተለወጠብኝ።

«አባዬ፣ ምነው?»

«ባትሪውን አስተካክለሽ ያዢ።»

«አበባውን ግን አትቀባው እሺ? ታምራለች።»

«አደራውን አንዴ ተቀብያለሁ» አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሱ። ሬንጁን ዛቅ አድርጎ አበባዋ ላይ ለቀለቀው፣ ከሌላው ቦታ ይልቅ አወፍሮ። አለቀስኩ። እማዬ ምን ሆነሽ ስትለኝ «አባዬ አበባዬን አጠፋት» አልኳት፤ ምን እንደምል አልገባትም፣ አፍንጫዬን አናፈጠችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ ክረምቱ መጣ። የጉለሌን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናቡ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከእንጦጦ ወርዶ መሬት ለመሬት ይመጣል፣ በግንብ ሥር ይገባል፣ በወለል ይወጣል። አንድ ጠዋት ስንነሳ የመኪናው ጉድጓድ ውሃ ሞልቷል። አባቴ መኪናውን ካልገፋሁ ብሎ ሞተ፤ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ስምንት ሰው ቢገፋው ንቅንቅ አላለም።

አባቴ ባልዲ ሰጠኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር።

«ትጌ፣ ይሄ ያንቺ ሥራ ነው። ጠዋት ጠዋት ትቀጂና አጥር ውጪ ትደፊያለሽ። ሥሩን ቀብተነዋል፣ ውሃው ግን ከታች ሲተነፍስበት ከዋለ ዋጋ የለውም። ሲደርቅ የጉድጓዱን መክደኛ ሳንቃ ትመልሺበታለሽ። አደራ።»

ለኔም አደራ አለኝ። ለአሥር ዓመት ልጅ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቀዳሁ። እጄ ተላጠ፣ ጫማዬ በሰበሰ፣ ግን ቀዳሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግማሹን ቀዳሁ። ከዚያ እንቁራሪት ገባበት። ከዚያ ደግሞ ጎረቤት ያሉ ልጆች የሲሚንቶ በረንዳቸው ላይ ሱዚ መዝለል ጀመሩ፣ ላስቲኩ ገና ቁርጭምጭሚት ላይ እያለ ስሜን ይጠሩኛል። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ መኪናውን ጠላሁት። ሥሩን ቀብቶ ከጨረሰ በኋላ አባቴ ወደ ራሱ ጉድጓድ ተመልሷል፤ እኔን ከእንቁራሪቱ ጋር ጥሎኝ። ሳንቃውን አለበስኩበትና ሄድኩ።

«ትጌ፣ ቀዳሽ?» ይለኛል ምሳ ሰዓት ላይ።

«ቀድቻለሁ አባዬ።»

«ተባረኪ።»

ነሐሴን ሙሉ እንዲህ ሆነ። «ቀዳሽ?» «ቀድቻለሁ።» «ተባረኪ።» አንድም ቀን ሳንቃውን ገልጦ አላየም። ስላመነኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሲያምነኝ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። አንድ ቀን ብቻ ሳንቃውን ከፈት አድርጌ አየሁ። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ የመኪናውን ሆድ ሊነካ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። ቶሎ ዘጋሁት።

ጥቅምት ላይ ጋሽ ተስፋዬ መጡ። ወፍረዋል፣ አዲስ ከረባት አስረዋል። አብሯቸው አጭር ሰውዬ ነበር፤ መኪናውን ሊገዛ የመጣ። አባቴ ከማለዳ ጀምሮ ሲያጥብ ሲወለውል ነው የቆየው፣ መስታወቱ ላይ ፊት ይታይ ነበር። ንጹሑን ሸሚዝ ለብሶ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ከሸሚዙ በላይ አንጠልጥሎ ነበር። ደስ ብሎታል። ከዚያ ቀን በኋላ አባቴን እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም።

ጋሽ ተስፋዬ ጉንጬን ቆነጠጡኝ። እኔም የምነግራቸው ነገር ነበረኝ። «ጋሼ፣ መኪናዎት ሥሩ አበባ እንዳለው ያውቃሉ? አባዬ ግን ቀባት።»

እጃቸው ጉንጬ ላይ ቀረ። «የምን አበባ?»

«ቢጫ አበባ። በሹፌሩ በኩል።»

ገዢውን አዩት፤ አልሰማም፣ ጎማ እየረገጠ ነበር። አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። «ዝም በይ ትጌ» አለኝ። ጋሽ ተስፋዬ ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ። በላሁት። እግዜር ይይልኝ፣ በላሁት።

ገዢው በሩን ከፍቶ ምንጣፉን ገለጠ። ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣና ሹፌሩ እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ጫን አደረገው። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ሌላ ቦታ ወጋ፣ ገባ። «ይሄማ ወንፊት ነው!» አለ። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና ሳንቃውን በእግሩ ገፋው። አረንጓዴው ውሃ ሁሉም ፊት ቁጭ አለ። እንቁራሪቷ ሳትቀር።

እንግዲህ ጋሽ ተስፋዬ ያን ጊዜ ነው ድምፃቸውን ያነሱት፤ ያ ሲጸልዩ የሚያምረው ድምፅ።

«ማርቆስ! ምን አደረግክብኝ? ደህና መኪና ሰጥቼህ ውሃ ላይ አቆምክብኝ? ሽመና መሰለህ እንዴ ጉድጓድ የምትቆፍርለት? ጥፋቱስ የኔ ነው፣ ለሸማኔ መኪና የሰጠሁ! አደራ በላ!»

ጎረቤት በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። እማዬ ከጓዳ ወጥታ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። አባቴ አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር፤ እምላለሁ ሊናገር ነበር። ከዚያ ውሃውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። አፉን ዘጋው።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» ብቻ አለ።

እኔስ? ከረሜላው ጉንጬ ውስጥ ነበር።

መኪናውን በዚያው ሳምንት ጎትተው ወሰዱት፤ ገዢው ከዋጋው ብዙ አስቀንሶ ገዛው አሉ። ሐሙስ ዕለት ሁለት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ሻይ እንኳን አልጠጡም። «ወንድም ማርቆስ፣ ነገሩ እስኪጣራ ቁልፉ እኛ ጋ ይሁን» አሉት። አባቴ ክሩን ከአንገቱ ሊያወጣ ሲል ጆሮው ላይ ተያዘበት። ቋጠሮውን ፈቶ ቁልፉን ሰጣቸው፣ ክሩን ግን ጣቱ ላይ ጠቅልሎ አስቀረ።

ነገሩ አልተጣራም። ማን ሊያጣራው? አባቴ እሁድ እሁድ መሄዱን አልተወም፤ ከሰው ሁሉ ኋላ ይሄድና መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ወንበሩን ሌላ ልጅ ወለወለች። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት የቤቱን ቁልፍ ላስቀምጥ ሲለው እንኳን «ሌላ ቤት ሞክሩ» ይላል። ጉድጓዱን ራሱ ነው የደፈነው። እኔ በመስኮት አየሁት፤ አፈሩን ከመመለሱ በፊት ውሃው ግድግዳው ላይ የተወውን መስመር በመዳፉ ለካው። ያን ጊዜ ነው ማወቁን ያወቅኩት። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። ይገርፈኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢገርፈኝ ኖሮ በስንት ጣዕሙ! ገብቶ እጁን ታጠበና ሥራው ላይ ተቀመጠ።

የአባቴን ስም የበላሁት እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት፤ እስካለፈው ሳምንት ድረስ።

ጀማል መኪናዬን በማንሻው ከፍ አድርጎ ከሥሯ ቆሞ ይፍቅ ነበር። መሃል ላይ ሳቀ። «ነይማ እህቴ። ማን ነው ይቺን የሸጠልሽ?» አለና ቢላውን ሰደድ አድርጎ አንድ መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ ፈልቅቆ አወጣ። ጠረገልኝ። ሰማያዊና ነጭ ቆርቆሮ፣ የሆነ የምግብ ዘይት ስም ግማሹ ተጽፎበታል።

«ምንድን ነው?»

«የዘይት ቆርቆሮ ነዋ! ወለሉ ሲበሳ ሁነኛ ላሜራ በይዶ እንደመሥራት፣ ይቆርጡና ይለጥፉበታል፣ ላዩን ሬንጅ ያለብሱታል። የድሮ ሸፍጥ ነው። ያልገባው ሰው ምን ያያል?»

ቢጫዋ አበባ መጣችብኝ፣ ጎኗ ላይ ካለው የተቆረጠ ፊደል ጋር።

«ጋሼ፣ ልጠይቅዎት» አልኩት። «አንድ መኪና ክረምቱን ውሃ ላይ ቆሞ ቢከርም፣ ውሃው ሳይነካው፣ ወለሉ ይበሳል?»

«በአንድ ክረምት? አንድ ክረምት ቀለም ያስነሳ ይሆናል እንጂ ብረት አይበሳም። ወንፊት እስኪሆን ስንት ዓመት ይፈልጋል!»

መኪናዬን እዚያው ተውኳት። ቆርቆሮዋን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁሉን ነገር አሰብኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሹፌር ሞልቶ፣ መካኒክ ሞልቶ፣ መኪናውን ሸማኔ ቤት ያመጡት ለምን ይሆን? «ምንም ማወቅ አያስፈልግህም» አሉት እኮ!

አባቴ አሁን አርጅቷል። ዓይኑ ደክሞ መሸመን ትቷል፤ ግን አሁንም ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እግሩን ውስጥ ከትቶ። ሰላም ሳልለው ቆርቆሮዋን እጁ ላይ አደረግኩለት። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዞረው። ምን እንደሆነ ልነግረው አላስፈለገኝም።

«ታውቅ ነበር» አልኩት።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? አባዬ፣ አደራ በላ ሲሉህ! ቁልፉን ሲወስዱብህ! አበባዋን ላሳያችሁ ብትላቸው ምን ነበር?»

ቆርቆሮዋን ጭኑ ላይ አስቀመጣት።

«ሽማግሌዎቹ "አንተስ አደራህን እንደሚገባ ጠብቀሃል?" ቢሉኝ ምን ልበል? ጠብቄያለሁ ብል ውሸት ነው። አልጠበቅኩም ብል፣ ለምን ይሉኛል። ለምን ካሉኝ ደግሞ ልጄ ናት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አለመቅዳቴን ያወቅከው? ጉድጓዱን ስትደፍን ነው?»

«ኧረ ወዲያ! ከመጀመሪያው ቀን ነው እንጂ። እዚህ ቁጭ ብዬ የባልዲውን ድምፅ እጠብቅ ነበር። አንድ ጠዋት ቀረ።»

«ታዲያ ተባረኪ ትለኝ የነበረው ምንድን ነው?»

አባቴ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አንቀሳቀሰ፣ ከድሮ ልማዱ፣ የሚረገጥ ነገር ባይኖርም።

«ነገ ትቀዳለች ብዬ ነዋ» አለኝ። «ነገ ትቀዳለች፣ ነገ ትቀዳለች ስል ክረምቱ ወጣ።»